ጎኩ አሞራ ገደል ሲወርድ

ጨዋታው ለገበያ የዋለው በ2006 ነው። ከፊቴ አጎንብሶ የሚጫወተው ልጅ ያኔ ገና አልተወለደም። በእጁ የያዘው ፒኤስፒም በዕድሜ ከእሱ ብዙ አያንስም፤ የአክስቱ ልጅ ከዱባይ ስትመለስ ለታላቅ ወንድሙ ያመጣችው ነው። የዲስክ ማስገቢያው ክዳን በፕላስተር ታስሯል። የግራ አውራ ጣት የሚያርፍባት ክብ ቆብ ወልቃ ስለጠፋች በቦታዋ ከነጠላ ጫማ ላይ የተቆረጠች ጎማ ተለጥፋለች። ስክሪኑ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ የሚሄድ ቀጭን ጭረት አለ። ልጁ ጭረቱን ከተወው ቆይቷል፤ ዐይኑ የጃፓኑ ካርቱን ጀግና ጎኩ ላይ ነው። ጎኩ ብርቱካናማ ልብሱን ለብሶ አየር ላይ ተንሳፍፏል፤ ጠላቱ ፍሪዛ ደግሞ ፊት ለፊቱ ይጠብቀዋል።

(ከአንድ አዋጅ በስተቀር ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ያለነው ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ከአሣ ገበያው ፈንጠር ብሎ ከቆመ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ሌሊቱን ሐይቁ ላይ መረብ ጥለው ያደሩት ጀልባዎች ገብተዋል። ጠረጴዛዎቹ ዘንድ አሣ የሚበልቱት ወጣቶች ቆሮሶውን ከራሱ ሥር በቢላ ይከፍቱና ቆዳውን በአንድ ስበት ይገፉታል፤ ሥጋው ከአጥንት ተለይቶ ሳህን ላይ ሲያርፍ ሌላው አሣ እጃቸው ገብቷል። ጥሬውን በዳጣ የሚፈልግ ይሰለፋል፣ ጥብሱን የሚመርጥ ወደ ዘይቱ ሽታ ይሄዳል። ጦጣዎቹ ቅርንጫፍ ላይ ሆነው የማን እጅ እንደሚዘናጋ ያጠናሉ። የልጁ ጓደኞች ስልካቸውን እግራቸው መሀል አጥብቀው የያዙት ለዚሁ ነው።

“ቴሌፖርት አደረገ! አየኸው ብሮ? ከኋላው መጣ!”

ሦስት ናቸው። አንዱ ባለ ፒኤስፒው፣ ሁለተኛው በዕድሜ ትንሽ የሚያንሰው የክፍል ጓደኛው፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱ በዕድሜ ከፍ የሚል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ እንደሚገናኙ ነገሩኝ። ለምን እዚህ? “ቤት ቲቪው የእህቶቻችን ነው” አለ ትንሹ። “ጌም ቤት ደግሞ ኳስ ብቻ ነው።” እውነቱን ነው። በአገራችን ከተሞች ጌም ቤት ገብቶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ወንበሮቹን የያዙት ኳስ ተጫዋቾች ናቸው፣ ሒሳቡም የሚታሰበው በጨዋታ ነው። ድብድብ የሚወድ ልጅ ተራ ቢደርሰው እንኳ “ቶሎ ጨርስ” የሚል ሰልፍ ከኋላው ይቆማል።

የሚጫወቱት “ድራገን ቦል ዚ፦ ሺን ቡዶካይ” ይባላል። የሠራው ዲምፕስ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ የተሠራውም በተለይ ለፒኤስፒ ነው። ፒኤስፒ ሶኒ በታኅሣሥ 2004 ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ያቀረበው፣ 4.3 ኢንች ስክሪን ያለው የእጅ ኮንሶል ነው። ያን ጊዜ እጅ ላይ የሚያዝ ጌም ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ትንንሽ ባለ ነጥብ ሥዕሎችን ነበር። ሶኒ የቤቱን ፕሌይስቴሽን ኪስ ውስጥ ከተተው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወደ 80 ሚሊዮን የሚጠጋ ፒኤስፒ ተሽጦ በ2014 ምርቱ ቆመ። ጨዋታዎቹ የሚመጡበት ዩኤምዲ የተባለ ትንሽ ዲስክ ቢበዛ 1.8 ጊጋባይት ይይዝ ነበር። የዚህ ልጅ ዲስክ ማንበቢያ ከሞተ ቆይቷል፤ ጨዋታው የሚነሣው ከሚሞሪ ካርዱ ነው።

ባለታሪኮቹን የፈጠረው አኪራ ቶሪያማ ነው። “ድራገን ቦል” በ1984 በሳምንታዊው “ሾነን ጃምፕ” መጽሔት ላይ በሥዕል ታሪክነት ጀምሮ እስከ 1995 ዘለቀ፤ በቶኤ አኒሜሽን እጅ ደግሞ የቴሌቪዥን ፊልም ሆነ። መነሻው “ወደ ምዕራብ ጉዞ” የተባለው የቆየ የቻይና ልቦለድ ነው፤ ዝንጀሮው ንጉሥ ነው ዞሮ ዞሮ ጎኩ የሆነው። ቶሪያማ በመጋቢት 2024 በ68 ዓመቱ ሲያርፍ ለቅሶው ከጃፓን አልፎ በብዙ አገር ተሰማ።

ስለ ቶሪያማ ከሚነገሩት ሁሉ እኔን የሚያስቀኝ የጎኩ ጸጉር ነገር ነው። ጎኩ ኃይሉ ገንፍሎ “ሱፐር ሳያን” ሲሆን ጥቁር ጸጉሩ ወርቃማ ይሆናል። በመጽሔቱ የጥቁርና ነጭ ገጽ ላይ ግን ወርቅ የሚባል ነገር የለም፤ ጸጉሩ ባዶ ነጭ ነው። ቶሪያማ እንዳወራው ከምክንያቶቹ አንዱ ድካም መቀነስ ነበር፤ ረዳቱ በየሥዕሉ የጎኩን ጸጉር በቀለም ለማጥቆር የሚያጠፋው ጊዜ ቀላል አልነበረም። በዓለም ላይ ስንት ልጅ በመስታወት ፊት ጸጉሩን ያቆመበት ምልክት ቀለም ለመቆጠብ ሲባል የተወለደ ነው።

የድራገን ቦል ታሪክ ለድብድብ ጨዋታ በልክ የተሰፋ ነው። በፊልሙ ውስጥ ተፋላሚ ዝም ብሎ አይመታም። መጀመሪያ ኃይሉን ያጠራቅማል፣ ይጮኻል፣ ምድር ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይለቅቃል። ጨዋታው ይህን ወስዶ ስክሪኑ ላይ ያለች መለኪያ አደረገው። መለኪያዋ ስትሞላ ከባድ ጥቃት መልቀቅ፣ መቀየር፣ ከተቃራኒህ ጀርባ ብቅ ማለት ይቻላል፤ ባዶ ስትሆን ቡጢና ርግጫ ብቻ ይቀራል። በፊልሙ አምስት ክፍል የሚፈጀው የጎኩ ጩኸት እዚህ በጀት ሆኗል ማለት ነው። ቁልፎቹም የሚያስፈሩ አይደሉም። አንዳንድ የድብድብ ጨዋታዎች ጣት የሚያጣምም ግማሽ ክብና ሩብ ክብ ይጠይቃሉ፤ ይኼኛው ልዩ ጥቃቶቹን ባብዛኛው በአንድ አቅጣጫና በአንድ ቁልፍ ጨርሷቸዋል። ለአራት ኢንች ስክሪንና ለአውቶቡስ ወንበር ብልህ ውሳኔ ነው።

ሐዋሳ ያለ ልጅ ጋ ጎኩ እንዴት ደረሰ? ታላላቆቻቸው በዲሽ ነው ያወቁት። የአረብ ሳተላይት ጣቢያዎች ጣራችን ላይ ከወጡ ወዲህ፣ በተለይ በ2000 ሥርጭት የጀመረው ስፔስቱን የጃፓን ካርቱን በአረብኛ እየተረጎመ ያሳይ ነበር። አረብኛ የማይሰማ ልጅ በሥዕሉ ብቻ ታሪኩን ይከተላል፤ ኳሰኛውን ጹባሳን ዛሬም “ካፒቴን ማጂድ” ብሎ የሚጠራ ጎልማሳ ያጋጥማችኋል። የአሁኖቹ ልጆች መንገድ ሌላ ነው። ቴሌግራም ላይ ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጋር ያወርዱታል፣ አንዱ ያወረደውን ሌላው ዜንደር በተባለው የፋይል ማስተላለፊያ ይቀበለዋል፣ ሠፈሩ ሁሉ በአንድ ሰው ዳታ ያያል።

“ጋሼ፣ ይሞክሩት እስኪ” ብሎ ትልቁ ልጅ ፒኤስፒውን አቀበለኝ። ከተፋላሚዎቹ ቬጂታን መረጥኩና ሳላስብ ከባዱን ምት እደጋግም ጀመር።

“አይጫኑት! አይጫኑት ጋሼ! ይጠብቁ፤ እሱ ሲስት ነው የሚመቱት።”

ምክሩ ተራ ይመስላል እንጂ የዚህ የጨዋታ ዘር ሚስጥር በሙሉ እሱ ውስጥ ነው። የድብድብ ጨዋታ በአብዛኛው በሰከንድ 60 ሥዕል ያሳያል። ተጫዋቾች እያንዳንዱን ፍሬም ይሉታል፤ አንዱ ፍሬም ወደ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። ማንኛውም ምት በፍሬም ሲሰላ ሦስት ክፍል አለው። እጅ እስኪደርስ ያለው መነሻ አለ፣ ምቱ የሚያሳምምባቸው ጥቂት ፍሬሞች አሉ፣ እጅ እስኪሰበሰብ ያለው መመለሻ አለ። ቀላል ምት ሦስቱም አጫጭር ናቸው። ከባድ ምት ጉዳቱም ትልቅ፣ መመለሻውም ረጅም ነው፤ ስቶ ከቀረ ባለቤቱ እጁን እስኪሰበስብ ድረስ መከላከል አይችልም። ጎበዝ የሚኖረው በዚያች ክፍተት ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሰው ዐይን አንድ ነገር አይቶ ጣቱ እስኪንቀሳቀስ ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ሰከንድ ይፈጃል፤ በፍሬም ከ12 እስከ 15 መሆኑ ነው። ፈጣን ምት ደግሞ ከዚያ በፊት ያርፋል። ስለዚህ አይቶ መከላከል የማይቻልበት ምት ብዙ ነው፤ የሚቻለው አስቀድሞ መገመት ነው። ይህ ሰው ሲፈራ ወደ ኋላ ይሸሻል ወይስ ይዘላል? ሁለት ጊዜ ከተመታ በኋላ ይናደዳል? ኮምፒውተሩን መቶ ጊዜ ያሸነፈ ልጅ ጓደኛው ፊት የሚዋረደው ለዚህ ነው። ከጠረጴዛዎቹ አጠገብ ክንፋቸውን አጥፈው በአንድ እግር የቆሙት አባ ኮዳዎች ይህን ጥበብ ያውቁታል፤ በላቹ አንጀቱን ሊወረውር እጁን ሲያነሣ ሳይሆን ከእጁ ሲለቀው ብቻ ነው የሚዘሉት።

ቬጂታዬ በሁለተኛው ዙር ወደቀ። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ አልሳቁም።

ፒኤስፒው አንድ ስለሆነ ሰው ከሰው የሚፋለመው በስልክ ነው። እዚህ ላይ የሚመጣው ስም ፒፒኤስኤስፒፒ ነው። ሄንሪክ ሪድጎርድ የተባለ ስዊድናዊ ፕሮግራመር የጀመረውና በኅዳር 2012 የወጣ ኢሙሌተር ነው፤ ስልኩን “አንተ ፒኤስፒ ነህ” ብሎ የሚያሳምን ፕሮግራም። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ከጉግል ፕሌይ ብቻ ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርዷል። የፒኤስፒ ልብ ቢበዛ በ333 ሜጋኸርዝ ነበር የሚመታው፤ የዛሬ ርካሽ ቴክኖ ስልክ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ቢሆንም አንድን ማሽን በሌላ ማሽን ውስጥ ማስመሰል ጉልበት ይበላል። ደካማ ስልክ ሲጨነቅ ፍሬም መዝለል ይጀምራል። ለመኪና ውድድር ይህ ብዙ አይጎዳም። ለድብድብ ግን ሞት ነው፤ አሁን ያልነው ክፍተት ከተዘለሉት ፍሬሞች ውስጥ ሊሆን ይችላላ። በዚያ ላይ የስልክ መስታወት ጣትህ ቁልፉ ላይ ይሁን አይሁን አይነግርህም። ባለ ፒኤስፒው ልጅ በተጠጋገነ ማሽኑ የሚኮራው በከንቱ አይደለም። ቁልፎቹ “ቀጭ” ይላሉ።

ሁለቱ ስልኮች ሲገናኙ ማየት ግን ደስ ይላል። ፒኤስፒ ሲሠራ አድ ሆክ የሚባል ዘዴ ነበረው፤ ሁለት ማሽኖች መሀላቸው ምንም ኢንተርኔት ሳይኖር በዋይፋይ በቀጥታ ይነጋገራሉ። ኢሙሌተሩ ይህንንም አስመስሎታል። አንዱ ልጅ ሆትስፖት ከፈተ። ሌላው ገባበት። የመጀመሪያው በቅንብሩ ውስጥ ያለውን የአድ ሆክ ሰርቨር አበራ፤ ሁለተኛው ደግሞ አድራሻውን ጻፈ። “አንድ ዘጠና ሁለት፣ አንድ ስድሳ ስምንት፣ አርባ ሦስት፣ አንድ” ብሎ እንደ አባቱ ስልክ ቁጥር በቃሉ ወጣው። ብዙ የቆዩ የአንድሮይድ ስልኮች ሆትስፖት ሲከፍቱ ለራሳቸው የሚሰጡት ቁጥር ነው። አንድ ጣጣ ብቻ አለ፦ ሁለቱም የያዙት የጨዋታ ቅጂ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ የአሜሪካውና የአውሮፓው ቅጂ መለያ ኮዳቸው ስለሚለያይ አይተዋወቁም። ባለፈው ቅዳሜ በዚሁ ምክንያት ግማሽ ሰዓት ጠፍቷል አሉኝ። ፒኤስፒውም ራሱ ከስልኮቹ ጋር በቀላሉ አይገናኝም፤ ባለቤቱ አድፍጦ አሸናፊውን ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት ሜጋባይት ዳታ አልተበላችም። መብራት ቢጠፋም ለውጥ የለውም። መለያ ክፈት፣ ኢሜይል አስገባ፣ ካርድ ቁጥር ጻፍ የሚል የለም።

በሌላ በኩል የዘመኑን የድራገን ቦል ጨዋታ ተመልከቱ። “ድራገን ቦል ፋይተርዚ” በጥር 2018 ለትልልቆቹ ኮንሶሎች፣ በዚያው ዓመት መስከረም ደግሞ ለኒንቴንዶ ስዊች ወጣ። የሠራው አርክ ሲስተም ዎርክስ ነው፤ ሦስት ለሦስት ያፋልማል፣ ሽያጩም ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሄዷል። ውበቱ አፍ ያስከፍታል። ባለሙያዎቹ ገጸ ባሕርያቱን በሦስት አቅጣጫዊ ሞዴል ሠርተው ሲያበቁ እንቅስቃሴያቸውን ሆን ብለው ቆርጠውታል፤ ኮምፒውተሩ በአንድ አቋምና በሌላው መሀል የሚሞላውን ልስላሴ አውጥተው አኒሜተር በእጁ የሣለው እንዲመስል አድርገዋል። ጥላው ሳይቀር ሠዓሊ የፈለገበት እንዲወድቅ ተገርቷል። የጃፓን የቴሌቪዥን ካርቱን በ1960ዎቹ በገንዘብ እጥረት የተነሣ ሥዕል እየቆጠበ ነው የጀመረው፤ ያ የድህነት ስልት ዛሬ በብዙ ልፋትና ወጪ የሚቀዳ ውበት ሆኗል።

ግን አሞራ ገደል ላይ ማን ይጫወተዋል? ስዊች ከውጭ ካልመጣ የለም፤ ቢመጣም ዋጋው የብዙ ወር ደመወዝ ነው። የሶኒም ሆነ የኒንቴንዶ የኢንተርኔት መደብር ኢትዮጵያን ከአገሮች ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም፤ በብር ካርድ የሚገዛ ነገር የለም። በኢንተርኔት ተጋጠም ቢባል ደግሞ የምልክቱ መዘግየት ያቺን ባለ 16 ሚሊ ሰከንድ ዓለም ገደል ይከታታል። እኔ እንደማየው ሺን ቡዶካይ እዚህ የኖረው ከፋይተርዚ ስለሚበልጥ አይደለም፤ አይበልጥምም። የኖረው ምንም ስለማይጠይቅ ነው። ትዝታ ነው የሚሉም አሉ፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ስለ 2006 ምን ትዝታ አለው?

የሕጉን ነገር ዘልዬ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ አልችልም። ኢሙሌተሩ ራሱ ሕጋዊ ነው፤ የገዙትን ዲስክ ለራስ ማጫወትና ከሰው የተቀዳ ፋይል ማዞር ግን የተለያዩ ናቸው። በኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ልጆቹን ስጠይቃቸው ተያዩ። “ጋሼ፣ የሚሸጥልን ካለ እኮ እንገዛለን፤ የት አለ?” አለ ትንሹ። አምራቹ ማምረት ባቆመበት፣ ሻጩ ባልደረሰበት አገር ላለ ልጅ ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው አላውቅም። ጥያቄው ግን ፋይሉን ሕጋዊ አያደርገውም።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። አሣ የምትጠብሰዋ ሴት “ኑ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል!” ብላ ተጣራች። “እሺ እትዬ፣ መጣን!” አሉ። አንዳቸውም አልተነሡም። አሁን የከፈቱት ሌላ ጨዋታ ነው፤ በ2010 የወጣው “ቴንካይቺ ታግ ቲም”፣ ሁለት ለሁለት የሚያፋልመው። ነገር ግን ከ2010ሩ ጨዋታ የቀረው አጥንቱ ብቻ ነው። ከ2015 እስከ 2018 በቴሌቪዥን ከታየው “ድራገን ቦል ሱፐር” የመጡ፣ ጨዋታው ሲሠራ ያልነበሩ ገጸ ባሕርያት ገብተውበታል። ማውጫው ደግሞ በስፓኒሽ ነው! እንዲህ ያሉትን የተቀየሩ ቅጂዎች ከሚሠሩት ብዙዎቹ የላቲን አሜሪካ ወጣቶች ናቸው። እዚያ የድራገን ቦል ፍቅር ሌላ ነው፤ በመጋቢት 2018 የሱፐር መጨረሻ ክፍሎች ሲታዩ በሜክሲኮ ከተሞች ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ በትልቅ ስክሪን ተመልክቷል። እነዚህ ሦስት የሐዋሳ ልጆች ስፓኒሽ አያውቁም፤ የቱ መስመር ላይ ምን እንዳለ ግን ያውቃሉ። ታላላቆቻቸው ካርቱኑን በአረብኛ እንዳዩት ማለት ነው።

የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመጫወት ይልቅ መፍታት ይወዳል። ኢሙሌተሩ የጨዋታውን ሥዕሎች አንድ በአንድ አውጥቶ ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጥበትና በሌላ ሥዕል የሚተካበት መንገድ አለው። እሱ የጎኩን ልብስ ፈልጎ አገኘ፣ ጀርባው ላይ ያለችውን የጃፓን ፊደል በስልኩ አጠፋ፣ በቦታዋ በጣቱ “ሐ” ብሎ ጻፈባት፣ መልሶ አስገባት። ዛሬ ሊያሳያቸው ነው የመጣው። ጨዋታው ተነሣ፤ ጎኩ ዞረ፤ “ሐ” በጎኗ ተጋድማ ታየች። ሥዕሉ በፋይሉ ውስጥ ተኝቶ እንደተቀመጠ አላስተዋለም ነበር።

“ሰክራለች ብሮ!” አለ ባለ ፒኤስፒው።

“ዛሬ ማታ አቃናታለሁ።”

ትንሹ ግን የራሱን ስልክ እያገላበጠ ግራ ተጋብቷል። “እኔ ጋ እኮ ያው የጃፓኑ ነው ያለው።”

“የተቀየረው እኔ ስልክ ላይ ነዋ። ፋይሉ አንተ ጋ የለም።”

“በናትህ በዜንደር ላክልኝ።”

“መጀመሪያ አሸንፈኝ።”